ውድ ሽጉጥ የዋጋውን ያህል ይሠራልን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ደጋግመው የሚያነሱት በሕጋዊ ፈቃድ ሽጉጥ ለመግዛት የሚያስቡ፣ የዒላማ ተኩስ የሚለማመዱ፣ ወይም ነገሩን ለማወቅ ብቻ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውድ ሽጉጥ ከርካሹ ይሻላልን?

መልሱን የሚወስነው "ርካሽ" የተባለው ሽጉጥ የትኛው እንደሆነ ነው። በገበያው ግርጌ ያለውን፣ ለጦር ሠራዊትና ለፖሊስ አገልግሎት የሚመረተውን መካከለኛ፣ እንዲሁም በባለሙያ እጅ እየተሞረደ የሚገጣጠመውን ከፍተኛ ደረጃ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ከግርጌው ወደ መካከለኛው ለመሸጋገር የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ከሞላ ጎደል መቼም የሚያስቆጭ አይደለም፤ የሚገዛው የተሻለ ብረት፣ የተሻለ ሞላ፣ የተሻለ ካዝና እና ሽጉጡ ድንገት ሲወድቅ እንዳይተኮስ የሚያግድ የውስጥ መቆለፊያ ነውና። ከመካከለኛው ወደ ላይኛው የሚደረገው ሽግግር ግን የተለየ ነው። በዚያ ደረጃ አምስት እጥፍ የከፈለ ሰው አምስት እጥፍ የተሻለ ሽጉጥ አያገኝም። የሚያገኘው ዒላማው ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጠበብ ብለው የሚያርፉ ጥይቶችን፣ ለጣት የሚለሰልስ ምላጭን እና የአንድ ባለሙያ ረጅም ሰዓታት ያረፉበትን ሥራ ነው።

የዋጋው ልዩነት ከየት ይመጣል?

ከሁሉ በላይ ከሰው ጊዜ ነው። የቀለጠ ፖሊመር (ጠንካራ ፕላስቲክ) ወደ ቅርጽ ማውጫ ተገፍቶ የሽጉጥ አካል ሆኖ ለመውጣት ብዙም ጊዜ አይፈጅም፤ ቅርጽ ማውጫው ራሱ ውድ ቢሆንም ወጪው እጅግ ብዙ ለሆኑ ሽጉጦች ስለሚከፋፈል በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ጥቂት ነው። ፖሊመርን ለሽጉጥ አካል መጠቀም በ1970 በጀርመኑ ሄክለር ኡንድ ኮኽ ቪፒ70 ተጀምሮ ነበር፤ ዓለም ያመነበት ግን በ1982 የኦስትሪያ ጦር ግሎክ 17ን ከተቀበለ በኋላ ነው። ጋስተን ግሎክ ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው መሆኑ ሳይጠቅመው አልቀረም፤ ሽጉጥ እንዲህ መሠራት አለበት የሚል የቆየ ልማድ አልያዘውም ነበርና።

የትናንሾቹ ክፍሎች አሠራርም ዋጋን ይለያያል። በርካሹ መንገድ የብረት ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ተደባልቆ ወደ ቅርጽ ማውጫ ይገፋል፣ ከዚያም በምድጃ ውስጥ ይጠነክራል፤ በውዱ መንገድ ደግሞ ክፍሉ ከአንድ ወጥ ብረት በማሽን እየተቆረጠ ይወጣል። የመጀመሪያው ዘዴ በብዙ የሽጉጥ ወዳጆች ዘንድ ስሙ የጠፋ ነው፤ ይሁን እንጂ በጥንቃቄ ከተሠራ ለረጅም ዘመን ያገለግላል፣ ብዙውን ጊዜም ጥፋቱ ያለው በዘዴው ሳይሆን በፋብሪካው ቁጥጥር ላይ ነው።

በእጅ የማስማማቱ ሥራ ከሁሉም ይበልጥ ገንዘብ ይበላል። ባለሙያው የሽጉጡን ተንሸራታች የላይኛ ክፍልና የታችኛውን አካል እርስ በርስ እያሻሸ፣ እየሞረደና እየለካ ምንም ሳይወላወሉ እንዲንሸራተቱ ያደርጋል። ቀድሞ ይህ ድካም የግድ ነበር፤ ማሽኖቹ ያን ያህል ልክ ጠብቀው መቁረጥ አይችሉም ነበርና። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በ1955 የወጣው ኮልት ፓይተን የተባለው ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚሞላ ሽጉጥ) ነው። ዝናውም ውድነቱም የመጡት ከእጅ ሥራው ነበር፤ ምርቱ ተቋርጦ ቆይቶ በ2020 ሲመለስ ግን በኮምፒውተር በሚመሩ ማሽኖች፣ በጥቂት ክፍሎችና እጅግ በቀነሰ የእጅ ሥራ ተሠርቶ መጣ። ከዚህ የሚታየው፣ በድሮው ዋጋ ውስጥ የተወሰነው ክፍል የጥራት ዋጋ ሳይሆን የዘመኑ ማሽን ድክመት የሚካካስበት ዋጋ እንደነበር ነው።

የላይኛው ቀለምና ማለስለሻም ሊዘነጋ አይገባም። ብረቱን እንደ መስታወት አጥርቶ በጥቁር ሰማያዊ የማቅለም ጥንታዊ ዘዴ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ዝገትን ግን በደንብ አይከላከልም። በአንጻሩ ብረቱን በናይትሮጅን የሚያጠነክረው የዘመኑ ዘዴ መልኩ ደብዛዛ ቢሆንም ላብንና እርጥበትን እጅግ ይቋቋማል። ስለዚህ በሱቁ መስኮት ውስጥ የሚያብረቀርቀው ሽጉጥ በየቀኑ ወገቡ ላይ ለሚታጠቀው ሰው ከደብዛዛው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ውድ ሽጉጥ ሳይከሽፍ በመተኮስ ይበልጣልን?

ከመካከለኛው ደረጃ በላይ፣ በአብዛኛው አይበልጥም፤ አንዳንዴም ያንሳል። በጆን ብራውኒንግ የተነደፈው ኤም1911 ሽጉጥ የአሜሪካን ጦር ፈተና ያለፈው በ1911 ለሁለት ቀን 6000 ጥይት ያለ አንዳች መሰናክል ተኩሶ ነው፤ በጣም ሲግል ውኃ ውስጥ እየነከሩ ያቀዘቅዙት ነበር። ያ ሽጉጥ ለወታደር የተሠራ ስለሆነ አቧራና የባሩድ ጥላሸት የሚያልፍበት ክፍተት በክፍሎቹ መካከል ነበረው። ዛሬ በዚያው ንድፍ ለውድድር የሚሠሩት እጅግ ውድ ሽጉጦች ግን ክፍሎቻቸው በጣም ጠብቀው ስለሚገጣጠሙ ብዙዎቹ ሠሪዎች በመጀመሪያ ጥቂት መቶ ጥይት ተተኩሶባቸው እንዲላመዱ፣ ዘይትም በየጊዜው እንዲቀቡ ይመክራሉ። አዲስ የገዛው ውድ ሽጉጥ በመጀመሪያው ቀን ጥይት ሲነክስበት የሚደነግጥ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነበር።

ጥይት የሚነክስ ሽጉጥ ሲያጋጥም አስቀድሞ የሚጠረጠረው ካዝናው ነው። የካዝናው ከንፈር ከተጣመመ ወይም ሞላው ከደከመ ሽጉጡ የፈለገውን ያህል ዋጋ ቢኖረው ጥይቱን በትክክለኛው ማዕዘን አይጎርስም። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ተንሸራታቹን የሚመልሰው ሞላ ሲሆን፣ በብዙ የአገልግሎት ሽጉጦች ላይ ከ3000 እስከ 5000 ጥይት ባለው ጊዜ ውስጥ መለወጥ ይገባዋል። ሁለቱም ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ እዚህ ግባ የማይባል ወጪ ናቸው።

ውዱ ሽጉጥ ዒላማን የተሻለ ይመታልን?

ሽጉጡ ብቻውን፣ በመቆንጠጫ ተይዞ ሲተኮስ፣ አዎን ይሻላል። ደህና የአገልግሎት ሽጉጥ በ25 ሜትር ገደማ ጥይቶቹን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ስፋት ውስጥ ያሳርፋል። አንዳንድ በእጅ የሚሠሩ ወርክሾፖች ግን 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ለሚሆን ስፋት ዋስትና ይሰጣሉ። በ1949 የስዊዘርላንድ ጦር የታጠቀው ሲግ ፒ210ም በዚህ ረገድ እስከ ዛሬ የሚወሳ ነው፤ ተንሸራታቹ በአካሉ ውስጠኛ በኩል በረጅም መስመር ስለሚጓዝ አይወላወልም።

ነገር ግን ሽጉጥ በመቆንጠጫ ተይዞ አይተኮስም። በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት በተለመደ ሽጉጥ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ተኳሹ ምላጩን በሚስብበት ቅጽበት የፊተኛው ማነጣጠሪያ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢንሸራተት፣ በ25 ሜትር ላይ ጥይቱ ከታሰበለት ቦታ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህን ስሌት ማንም በወረቀት ሊሠራው ይችላል። በውዱና በመካከለኛው ሽጉጥ መካከል ያለው ልዩነት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ያልሠለጠነ ጣት በአንዲት ሚሊ ሜትር የሚያመጣው ስሕተት የዚያ ሦስት እጥፍ ነው። እጁ ገና ያልረጋ ሰው ስለዚህ የሽጉጡን ልዩነት ሊያየው አይችልም፤ የራሱ ስሕተት ይሸፍንበታል። ለዓመታት የተለማመደ ተኳሽ ግን የራሱ ስሕተት እየጠበበ ሲመጣ የሽጉጡ ድርሻ ይገለጥለታል፣ ያን ጊዜም ገንዘቡ ሥራ መሥራት ይጀምራል።

ምላጩስ? ሁሉም ሰው ስለ ምላጭ ያወራል።

የሚወራው ያለ ምክንያት አይደለም። የግሎክ ምላጭ 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ጉልበት ይጠይቃል፤ በባለሙያ የተስተካከለ የኤም1911 ምላጭ ግን 2 ኪሎ ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል፤ ከክብደቱ በላይ ደግሞ ሳይንገራገጭ፣ እንደሚሰበር ቀጭን መስታወት በአንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ይለቃል። ውድ ሽጉጥ የሚሰጠው በእጅ የሚዳሰስ እውነተኛ ጥቅም ቢኖር ይህ ነው፤ ጀማሪም ቢሆን ወዲያው ይሰማዋል። ሆኖም ለራስ መከላከያ በሚያዝ ሽጉጥ ላይ በጣም የቀለለ ምላጭ ጥቅም ሳይሆን አደጋ ነው፤ በድንጋጤ ጊዜ የጣት ስሜት ይጠፋልና። ልምድ በሌለው እጅ ምላጭ ማስቀለል ደግሞ የውስጥ መቆለፊያዎችን ሊያበላሽ ስለሚችል ፈጽሞ የማይመከር ነገር ነው።

ጦር ሠራዊቶች ምርጡን ሽጉጥ አይደለምን የሚገዙት?

ታሪኩን የመረመረ ሰው ጦር ሠራዊቶች በተደጋጋሚ ከውዱ ወደ ርካሹ ሲሄዱ ያያል። የጀርመን ጦር ሉገር ፒ08ን በዋልተር ፒ38 መተካት የጀመረው ሉገር ስለማይተኩስ አልነበረም፤ እጅግ ብዙ የማሽንና የእጅ ሥራ ስለሚፈልግ እንጂ። ስዊዘርላንዶችም ያን የተደነቀ ፒ210 በ1975 በሲግ ፒ220 ተኩት፤ የአዲሱ ተንሸራታች ከታጠፈ የብረት ቆርቆሮ ይሠራ ስለነበር ወጪው በጣም ያነሰ ነበር። የስዊዝ ወታደር ትጥቅ በዚህ ምክንያት ደከመ ማለት ግን አይቻልም።

የአሜሪካ ጦር በ1984 ባካሄደው ፈተና እስከ መጨረሻው ያለፉት ሁለት ሽጉጦች ቤሬታ 92 እና ሲግ ሳወር ፒ226 ነበሩ። ሁለቱም መስፈርቱን አሟልተዋል፤ ቤሬታ ያሸነፈው የሽጉጡ፣ የካዝናውና የመለዋወጫው ዋጋ ተደምሮ ሲታይ ስላነሰ ነው። የሚገርመው በነጠላ ሽጉጥ ዋጋ ሲግ ጥቂት ይረክስ ነበር። እዚህ ላይ ለግለሰብ ገዢም ትልቅ ትምህርት አለ፤ ወጪ የሚቆጠረው በሽጉጡ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ብቻ አይደለም። በ2017 ደግሞ ተራው ተገለበጠ፤ ሲግ ሳወር ፒ320 ሲመረጥ ግሎክ አቤቱታ አቀረበ፣ የአሜሪካ መንግሥት የተጠያቂነት መሥሪያ ቤትም አቤቱታውን ውድቅ ሲያደርግ የሲግ ዋጋ 169.5 ሚሊዮን፣ የግሎክ ደግሞ 272.2 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ገለጸ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ልዩነት ቀላል ክርክር አይደለም።

ለተቃራኒው ወገንም ፍትሕ ለማድረግ፣ ዢዤን የተባለው የፈረንሳይ ልዩ ኃይል ማኑሪን ኤምአር73 የተባለውን እጅግ ውድ ሪቮልቨር መርጦ ለረጅም ዘመን ታጥቋል። አባላቱ ግን ኃይለኛ ጥይት በብዛት የሚለማመዱ ስለነበሩ ተራ ሪቮልቨር ቶሎ ያልቅባቸው ነበር። ከእነርሱ በኩል ሲታይ ጥንካሬውን የገዙት ሊጠቀሙበት ነው።

በጣም ርካሽ ሽጉጥ አደገኛ ነውን?

ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ሰዎች በሚያስቡት መንገድ ብቻ አይደለም። ከ1970 ጀምሮ በአሜሪካ በብዛት የተመረቱ ትናንሽ ርካሽ ሽጉጦች ተንሸራታቻቸውና አካላቸው በዚንክ ላይ ከተመሠረተ ቅይጥ ይሠራ ነበር። ይህ ቅይጥ በ400 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚቀልጥ በቀላሉ ይቀረጻል፣ ነገር ግን ከብረት በብዙ ያነሰ ጥንካሬ አለው፤ በደካማ ጥይት ካልሆነ በቀር ብዙ ሊሸከም አይችልም። የብዙዎቹ የመተኮሻ መርፌም ጥይት ጎርሰው ሲወድቁ የሚያግደው ነገር አልነበረውም። ያም ሆኖ ዚንክ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ሃይ ፖይንት የሚሠራቸው ሽጉጦች ተንሸራታቻቸው የዚንክ ቅይጥ ቢሆንም ውፍረቱን ጨምረው ድክመቱን ስላካካሱ፣ አስቀያሚና ከባድ ቢባሉም፣ ወደ ማንኛውም ቀጣይ ባለቤት የሚሻገር የዕድሜ ልክ ዋስትና ተሰጥቷቸው ይሸጣሉ።

የቧንቧውንና ሲተኮስ ቧንቧውን ከኋላ የሚዘጋውን መቆለፊያ ጥንካሬ በተመለከተ የዋጋ ልዩነት ከሚታሰበው ያነሰ ነው። በ1914 በተመሠረተው ዓለም አቀፍ የመሣሪያ ፍተሻ ኮሚሽን አባል በሆኑ አገሮች ለግለሰብ የሚሸጥ ሽጉጥ ሁሉ፣ ውድ ይሁን ርካሽ፣ ከተፈቀደው ግፊት በ30 ከመቶ በሚበልጥ ጥይት ተፈትኖ ማኅተም ይመታበታል። ለ9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 2350 ባር ነው፤ ፈተናው ከ3000 ባር በላይ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ማኅተም አንጻር ሁለቱም እኩል ናቸው።

ዋጋም ሆነ ስም ደግሞ ሙሉ ዋስትና አይሆኑም። ያው ጨረታውን ያሸነፈው ፒ320 ሲወድቅ ሊተኮስ ይችላል የሚል ጥያቄ በተነሣበት ጊዜ ኩባንያው በኦገስት 2017 ለግለሰብ ባለቤቶች የማሻሻያ አገልግሎት አውጇል። ማንኛውም ገዢ የመረጠው ሞዴል ለማስተካከያ እንዲመለስ ጥሪ ተደርጎበት እንደሆነ ከመግዛቱ በፊት ማጣራት አለበት።

ለውድድር ከሆነስ?

እዚህ ላይ መልሱ ይለወጣል። በዓለም አቀፍ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ሕግ በ25 ሜትር የትክክለኛነት ውድድር የዒላማው 10 ነጥብ ክብ 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ደግሞ 11.5 ሚሊ ሜትር። የምላጩ ዝቅተኛ ክብደት ለመጀመሪያው 1000፣ ለሁለተኛው 500 ግራም ነው። ይህን የሚያሟላና እጀታው በተወዳዳሪው መዳፍ ልክ የሚስተካከል ሽጉጥ በርካሽ አይገኝም። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ያለ ልዩ መነጽር የብር ሜዳሊያ ሲወስድ ብዙ ሰው "ባዶ እጁን መጥቶ አሸነፈ" ብሎ ነበር። የተወው ግን የዓይን ማገዣውን ብቻ ነው፤ በእጁ የነበረው ለውድድር ተብሎ የተሠራ የአየር ሽጉጥ ነበር።

መካከለኛውን ገዝቼ የተረፈኝን ገንዘብ ምን ላድርገው?

ጥይት መግዛት ይቀድማል። በሳምንት 50 ጥይት ብቻ የሚተኩስ ሰው በዓመት 2600 ይተኩሳል፣ የዚህ ሁሉ ጥይት ዋጋ በአብዛኛው ከአንድ ተራ የአገልግሎት ሽጉጥ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የሽጉጡ ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ክፍል ይሆናል፤ ውዱን ገዝቶ ጥይት የሚያጥረው ሰው ግን ገንዘቡን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ቀጥሎ የሚመጣው ብቃት ያለው አሠልጣኝ ነው፤ ራስን ማስተማር የተሳሳተ ልማድን በብዙ ጥይት ማጽናት ሊሆን ይችላልና። ከዚያም ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ፣ ሦስት አራት ተጨማሪ ካዝና፣ እና ልጆችም ሆኑ ሌቦች የማይከፍቱት የብረት ሣጥን ይመጣሉ። ለሽጉጡ ብዙ ከፍሎ ለሣጥኑ የሚሳሳ ሰው ነገሩን ከመጨረሻው ጀምሯል።

ውድ ሽጉጥ ሲሸጥ ዋጋውን ይመልሳልን?

ጥቂቶቹ፣ ምርታቸው የቆመና በሰብሳቢዎች የሚፈለጉት፣ ዋጋቸው ይጨምራል። በባለቤቱ ምርጫ የተቀረጸ፣ የተቀባ ወይም የተለዋወጠ ሽጉጥ ግን ለሁለተኛው ገዢ ያን ያህል አይታየውም፤ ለማሻሻያው የወጣው ገንዘብ ከሞላ ጎደል አይመለስም።

ውዱን መግዛት ስሕተት የማይሆነው መቼ ነው?

ተኳሹ ከአሁኑ ሽጉጡ በላይ መተኮስ ሲጀምር፣ ወይም የሚወዳደርበት ሕግ ሲያስገድደው፣ ወይም ደግሞ በግልጽ ለራሱ "የምገዛው ጥሩ የእጅ ሥራ ስለምወድ ነው" ሲል። የመጨረሻው ምክንያት ከሁሉ ያነሰ አይደለም፤ በእጅ የተሠራ ሰዓት የሚገዛ ሰው ሰዓቱ ከርካሹ ይበልጥ ትክክል ስለሚቆጥር እንዳልገዛው ሁሉ። የሚያስቸግረው፣ ሥራውን ስለወደደ የገዛ ሰው ለደኅንነቱ የገዛ ሲመስለው ነው።

የቱ እንደሆነ ያልለየለት ገዢ በተኩስ መለማመጃ ቦታ ሁለቱንም ተከራይቶ ወይም ተውሶ ይሞክር። በእያንዳንዱ 50 ጥይት በተለያየ ወረቀት ላይ ይተኩስ፣ በወረቀቶቹ ጀርባ ላይ የሽጉጡን ስም ይጻፍ፣ ከዚያም ፊታቸውን ብቻ ለሌላ ሰው አሳይቶ የትኛው በውዱ እንደተተኮሰ ይጠይቀው።